እናቴ በዕዳው በኩል

እናቴ ከአበዳሪዎች ጋር ልቆጠር ብላ ቤተሰባችንን ያዋረደች ጊዜ እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። መደመር እችላለሁ፤ መቀነስም ጣት ከበቃኝ እችላለሁ። ስለዚህ ነገሩ ከማንም ይልቅ ለእኔ የገባኝ ይመስለኝ ነበር። አባቴም እንደዚሁ ይመስለው ነበር፤ እሱ ግን ሁለተኛ ክፍል አልነበረም።

አባቴ መስታወት ቤት ነበረው። ከፊት መሸጫው፣ ከመጋረጃው ኋላ መቁረጫው። የመሸጫው ግድግዳ ሁሉ መስታወት ነው፤ ክቡ፣ ሞላላው፣ ባለፍሬሙ፣ ባለመደርደሪያው። እዚያ ገብቶ ብቻውን የሚሆን ሰው የለም። እኔ በሩ ላይ ስቆም ከየአቅጣጫው ብዙ እኔዎች፣ ሁሉም አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ፣ ያዩኛል። ከኋላ ደግሞ ብርድ ልብስ የለበሰ ሰፊ ጠረጴዛ አለ። ቆራጩ መቁረጫዋን ጋዝ ውስጥ ነክሮ መስታወቱ ላይ ሲያስኬዳት አይጥ ጥርሷን የምትስል ይመስላል፤ ከዚያ ጠርዙን አንድ ጊዜ ኳ ሲያደርገው መስታወቱ እንደ ወረቀት ቀጥ ብሎ ይለያል። ቆራጩን ዘጠኜ እንለው ነበር፣ ጣቶቹ ዘጠኝ ስለሆኑ። አዲስ ደንበኛ ሁሉ እጁን አይቶ «ወይኔ፣ መስታወት ነው?» ይለዋል። እሱም በኩራት «መስታወት እኔን አይነካኝም። የታክሲ በር ነው» ይላል።

አባቴ ምንም ነገር አይጥልም። ሲቆረጥ የሚተርፈው ስንጣሪ፣ ጥጉ የጎደለው፣ ጀርባው የተላጠው፣ ሁሉም የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ዘጠኜ በዚያ በኩል ሲያልፍ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ነው። ከዚህ ሌላ ከእንጨት ፍሬማቸው አናት ላይ ክንፍ ያላቸው ሁለት ሕፃናት የተቀረጹባቸው ሞላላ መስታወቶች ነበሩ፣ አንድ ጭነት ሙሉ። ገዢ ይገባል፤ ሕፃናቱን ያያቸዋል፤ ሕፃናቱም ያዩታል፤ ይወጣል።

«ሀብት ነው» ይላል አባቴ፣ እጁን ወደ ሁሉም እየዘረጋ። እኔም አምነው ነበር። በየመስታወቱ ውስጥ ሌላ ሱቅ፣ በዚያም ሱቅ ውስጥ ሌላ ሱቅ እየታየኝ እንዴት አላምነውም?

ታዲያ አንድ ቀን አባቴን የመስታወት ጠርዝ የሚሞርድ ማሽን አማረው። ማሽኑን ያየው በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱን በደረት ኪሱ ይዞት ይዞር ነበር፤ እኔን እንኳ እንደዚያ ይዞኝ ዞሮ አያውቅም። ለማሽኑ ብድር ያስፈልጋል። ባንኩ ደግሞ ለብድሩ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ያስፈልጋል አለ። ላጲስ ወደ ሕይወታችን የገባው እንዲህ ነው።

ላጲስ ማታ ማታ ሒሳብ አያያዝ የሚያስተምር ቀጭን ሰው ነው። ፊት ለፊት «መምህር» እንለዋለን፤ ዞር ሲል ላጲስ ነው። ሁሉን ነገር መጀመሪያ በእርሳስ ይጽፋል፤ ደንበኛው ሲያለቅስ ያጠፋል፤ ሲለምነው እንደገና ይጽፋል። ብዕር ይዞ ያየው ሰው የለም።

ዕቃ ሊቆጥር የመጣ ቀን ተከትዬው ዞርኩ። መስታወት ቤት መቁጠር ቀላል አይደለም። ላጲስ እያንዳንዱን በእርሳሱ ጫፍ መታ መታ ያደርጋል። «ከጮኸ ዕቃ ነው፤ ካልጮኸ ጥላው ነው» አለኝ። አባቴ ከኋላችን ሆኖ ጥላውም ቢቆጠርለት የሚጠላ አይመስልም ነበር።

«ይህ ስብርባሪስ?» አለ ላጲስ የኋላው ግድግዳ ጋ ሲደርስ።

«ጻፈው። መስታወት ነው።»

«ይሸጣል?»

«አልሸጥኩትም እንጂ ይሸጣል።»

«ጋሼ፣ ይህ እኮ…»

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው! ፊትህን አታይበትም?»

ላጲስ ጎንበስ አለ። አንድ ዓይኑና ግማሽ ጆሮው ታዩት። «እታያለሁ» አለ።

«በቃ ጻፈው!»

ጻፈው።

«እነዚህ ሕፃናትስ?»

«በገዛሁበት ዋጋ።»

«መቼ ነው የተገዙት?»

«እሷ ስትወለድ» አለ አባቴ ወደ እኔ እየጠቆመ። ላጲስ ከእግር እስከ ራሴ አይቶኝ ጻፈ። እኔም የተጻፍኩ መሰለኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

መጨረሻ ላይ አባቴ እሱ የማያየው አንድ ትልቅ መስታወት እንዳለ ነገረው። ታላቅ ወንድሙ ለሳሎኑ የወሰደው ነው። «ይከፍላል» አለ። «ወንድሜ አይደል እንዴ?» ላጲስ «ተሰብሳቢ» ብሎ ጻፈ። ቃሉ ሲነበብ እንዴት ያምር ነበር! ዛሬ ሳስበው ተሰብሳቢ ማለት በሒሳብ ቋንቋ ተስፋ ማለት ነው፤ የአባቴ ተስፋ ደግሞ ከዕቃው ሁሉ በላይ ውድ ሆኖ ተጽፎ ነበር።

እሑድ ከምሳ በኋላ ላጲስ ትልቁን ወረቀት ይዞ ቤታችን መጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጥጎቹን በብርጭቆ አስያዘ። አባቴ ሱፉን ለብሷል። እናቴ እጇን በፎጣ እያደረቀች መጥታ ከአባቴ ኋላ ቆመች። እሷ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ነበር የምትሠራው፤ ወረቀት ስታይ ከታች ወደ ላይ የማንበብ ልማድ ነበራት።

«በግራ በኩል ሱቁ ያለውን ሁሉ ጻፍኩ» አለ ላጲስ። «በቀኝ ደግሞ ያ ሀብት የማን እንደሆነ። ከላይ የሰው ነው፤ መስታወት በዱቤ የሚሰጣችሁ አስመጪው፣ የቤት ኪራዩ፣ ግብሩ። ከታች የራስ ነው፤ ካፒታል። ግራና ቀኙ እኩል ነው።»

አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። «እኩል ወጣ?»

«ሁልጊዜም እኩል ነው፣ ጋሼ።»

«ሳንቲም ሳይጎድል?»

«ሳንቲም ሳይጎድል።»

«ሰማሽ?» አለ ወደ እናቴ ዞሮ። «ሰው ስንት እየጎደለበት ሲጮህ ይውላል፤ እኔ ሳንቲም ሳይጎድል! ነጋዴ ማለት ይህ ነው!»

ላጲስ ላጲሱን ጠረጴዛው ላይ አሽከረከራት። ሱቁ ነገ ቢቃጠል እንኳ ግራና ቀኙ እኩል እንደሚሆን ለአባቴ አልነገረውም። ክፍያው ገና አልተሰጠውም ነበር። እኔ አጨበጨብኩ።

«የእኔ ገንዘብ የቱ ጋ ነው?» አለች እናቴ።

ጭብጨባዬን አቆምኩ። ያ ገንዘብ የአያቴ ቤት ሲሸጥ ለእሷ የደረሳት ነው፤ ከዚያ ሌላ የራሴ የምትለው አልነበራትም። አስመጪው ዕቃ ከልክሎ ሱቁ ሊዘጋ ሲል አባቴ «አበድሪኝ፣ እመልስልሻለሁ» ብሎ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለ እሱ የሚወራው ስለ ሟች እንደሚወራው ነው፤ በዝግታና በደግ በደጉ።

«ከታች ነው ያለው» አለ አባቴ ላጲስን ቀድሞ። «ከእኔው ጋር፣ ካፒታሉ ውስጥ።»

«ማን አስገባኝ?»

«እኔ ነኛ! ቤተሰብ አይደለን? ከማን ጋር ልትሆኚ ነበር?»

«ከአስመጪው ጋር።»

አባቴ የሱፉን ቁልፍ ፈታ።

«ከላይ ጻፈኝ፣ መምህር» አለች። «ከአስመጪው ሥር፣ ከኪራዩ በላይ።»

ወንበር ላይ ወጥቼ ወረቀቱን አየሁት። ከላይ ማንነታቸውን የማላውቃቸው ሰዎች በላይ በላዩ ተጨናንቀዋል። ከታች አባቴ ሰፊ ቦታ ይዞ ለብቻው ተቀምጧል፤ ከሥሩ በማስመሪያ ሁለት መስመር ተሰምሮለታል። እኔ ሁለት መስመር የማውቀው መምህራችን ለጎበዝ ተማሪ ስታሰምር ነው። ታዲያ አባቴ ከጎኑ ቦታ ለቆ ሲጠራት፣ እናቴ በር ላይ ከሚጮኹ ሰዎች መሐል ልቁም ማለቷ ምን ነክቷት ነው?

«ባንኩ ይህን ቢያይ ምን ይላል?» አለ አባቴ። «ዕዳዬ ከካፒታሌ ሊበልጥ ነው! ማሽኑስ?»

«ማሽኑን አላገባሁትም።»

«ቆይ፣ መምህር፤ ከላይም ሆነች ከታች ድምሩ ይለወጣል?»

«አይለወጥም» አለ ላጲስ።

«አየሽ! አይለወጥም! ታዲያ ምን ያጣላናል?»

«ካልተለወጠማ ከላይ አድርገኝ!»

ላጲስ ከታች ያለውን አጠፋ፤ ከላይ ጻፈ። አባቴ አቃሰተ፤ ላጲስ ከላይ ያለውን አጠፋ፤ ከታች ጻፈ። እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ እስኪሳሳ ድረስ እናቴ ስትወጣና ስትወርድ ዋለች። እኔ በልቤ ከአባቴ ጋር ነበርኩ።

ከላይ የተጻፈ ሰው ይከፈለዋል፤ ከታች የተጻፈ ሰው የተረፈውን ይወስዳል። ይህን ለመረዳት እኔ የራሴን ሱቅ ከፍቼ ሁለት ዓመት መክሰር አስፈልጎኛል፤ እናቴ ፎጣ ይዛ ቆማ ነው የተረዳችው። አባቴ ከጎኑ ያስቀመጣት ስለወደዳት ይመስለኝ ነበር። ወዷትም ይሆናል። ባንኩ ግን ገንዘቧን ነበር የወደደው፤ እሷ ከታች ከሆነች እሱ ገብቶ ከላይዋ ይቀመጣል፤ ሱቁ የወደቀ ቀንም ቀድሟት ያነሣል።

በማግስቱ አባቴ አጎቴን ጠራው። ያንን፣ መስታወቱን የወሰደውን። አጎቴ ሊቀመንበር ይባል ነበር፤ የውኃው፣ የአጥሩ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የመንገድ መብራቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ሰው ባይሰበሰብም ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል። ላጲስም ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ጥግ ተቀመጠ። ሻይ ቀረበ።

«ሙሽሪት» አለ አጎቴ። እናቴ ሁለተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ እያላትም ለእሱ ገና ሙሽሪት ናት። «ከባሌ ገንዘብ ልቀበል አልሽ አሉ።»

«ልቀበል አላልኩም፣ ጋሼ። የት እንደተቀመጠ ነው የጠየቅሁት።»

«ሚስት ባሏን ካበደረች ትዳር መሆኑ ቀርቶ ባንክ ሆነ።»

«ባንክስ ይከፈለዋል።»

አጎቴን ሻዩ ትን አለው። አባቴ ጀርባውን መታ መታ አደረገለት።

«ስሚ» አለ አጎቴ ትንፋሹ ሲመለስ። «አንደኛ፣ ባለድርሻ መሆን ክብር ነው። ሁለተኛ፣ አበዳሪ ውጭ ቆሞ ይለምናል፤ ባለድርሻ ግን በሱቁ ላይ አዛዥ ናዛዥ ነው። ሦስተኛ…» ሦስተኛው ጠፋበትና ሻዩን ጠጣ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«አዛዥ?» አለች እናቴ።

«አዛዥ ናዛዥ!»

«እውነት ነው፣ መምህር?»

«ደንቡ እንደዚያ ነው፣ እትዬ። አበዳሪ ገንዘቡን ይጠብቃል እንጂ አያዝም። የሚያዘው ባለድርሻ ነው።»

«ከእኔና ከእሱ የማን ድርሻ ይበልጣል?»

ላጲስ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። አንገቱን አሻሸ። «የእርስዎ» አለ፣ ለሻይ ብርጭቆው የሚነግር ይመስል። አባቴ አልሰማም፤ ወንድሙን በአድናቆት እያየ ነበር። ሰምቶስ ቢሆን? ከታች ያለው ሰፊ ቦታው ለዓመታት በኪሳራ ተበልቶ አንድ ቀጭን ቁጥር ብቻ መቅረቱን አላየም ነበር። እሱ ያየው ሁለቱን ድምሮች ነው።

«እንግዲያው ከታች ጻፈኝ» አለች እናቴ።

«እንዲህ ነው የጨዋ ልጅ!» አለ አጎቴ።

ሄጄ ወገቧን አቀፍኳት። እናቴ ከአባቴ ጎን ተቀመጠች፤ ታረቁ፤ ዓለም ተስተካከለ። እሷ ግን ከራሴ በላይ ግድግዳ ግድግዳውን ታይ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ የዓመት ፈቃዷን ወሰደች። ፈቃድ ማለት ጉዞ ነው ብዬ ካልሲዎቼን በፌስታል አሰናዳሁ። እሷ የሥራ ካፖርቷን ለብሳ ወደ ሱቅ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ በአባቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አባቴ ቆሟል። ለደንበኞች «ልትጎበኘን መጥታ ነው» እያለ ይስቃል፤ ሳቁ ግን በየመስታወቱ ውስጥ እያነሰ ይሄዳል።

«ዘጠኜ» አለች። «ያንን ስብርባሪ አጥር ለሚያሠራ ሰው ስጠው። ግንቡ አናት ላይ ይተክለዋል። በሰጠህ ዋጋ።»

ዘጠኜ አባቴን አየው። «ጋሼ፣ ማንን ልስማ?»

«እኔን ነዋ!»

«መምህር የሠራውን ወረቀት አምጣለትና ይየው» አለች እናቴ።

አባቴ ወረቀቱን አላመጣም። በዚያ ሰሞን ከሥር ወደ ላይ አንብቦት ይሆን? ዘጠኜ ትንሽ ጠብቆ «እኔ መቼም ሒሳብ አላውቅም» አለና ጓንቱን አጠለቀ። በመጀመሪያ ጊዜ ሆዱን ሳይስብ በዚያ በኩል ሲያልፍ አየሁት።

በማግስቱ የባሰ ሆነ። እናቴ ባለክንፎቹን ሕፃናት በመጋዝ አስቆረጠች። አንድ በአንድ፣ ከአንገታቸው፣ እየሳቁ እያለ። የእንጨት ዱቄቱ ይሸተኛል፤ ሕፃናቱ ካርቶን ውስጥ ጉንጫቸውን ነፍተው ተደራርበዋል። ዘጠኜ የተቆረጠውን ቦታ አለስልሶ ቀለም ቀባው። እኔ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ በጣቶቼ መሐል አየሁ። እናቴ ጨካኝ እንደሆነች ያን ቀን አረጋገጥኩ። መስታወቶቹ ሳምንቱ ሳያልቅ አለቁ፤ ያኔ ግን የሟቾች ቁጥር እንጂ የሽያጩ ነገር አልታየኝም።

«ቀስ በይ እንጂ» ይላት ነበር አባቴ። «ባንኩ ሲመጣ ሱቁ ሙሉ ሆኖ ይታይ።»

«በምን ይሙላ? በማይሸጥ ነገር?» አለችው። ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ «ይህስ ተሰብሳቢ የሚለው? ላም አለኝ በሰማይ ነው?» አለች። ካፖርቷን ቆለፈች። «ዘጠኜ፣ ገመድና ብርድ ልብስ ያዝ።»

አጎቴ ቤት ስንደርስ የመንገድ መብራቱ ኮሚቴ ተሰብስቧል። አምስት ስድስት ሽማግሌዎች፣ ከፊታቸው ብስኩት። አጎቴ በትልቁ ወንበር ላይ ነው፤ ከበላዩ ግድግዳውን የሞላው መስታወት። በመስታወቱ ውስጥ የሁሉም መላጣ ይታያል።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች እናቴ ዝቅ ብላ። «ጋሼ፣ ስለ መስታወቱ ነው የመጣሁት።»

«የቱ መስታወት?» አለ አጎቴ፣ ከሥሩ ተቀምጦ።

«ከራስዎ በላይ ያለው።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቀና አሉ። ሁሉም እርስ በርስ በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ።

«ይህማ የወንድሜ ስጦታ…»

«ወረቀቱ ላይ ያልተከፈለ ዕቃ ተብሎ ነው የተጻፈው። ዋጋውን ወይም መስታወቱን።»

«ሙሽሪት! በእንግዳ ፊት!»

«አዛዥ ናዛዥ ነሽ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ይኸው አዘዝኩ።»

አጎቴ ኪሱን ደባበሰ። ኪሱ ውስጥ ብዕሮች እንጂ ሌላ አልነበረም። ዘጠኜ ይቅርታ እየጠየቀ ጫማውን አወለቀና ወንበሩ ላይ ወጣ። መስታወቱ ሲወርድ ግድግዳው ላይ ፀሐይ ያልነካው ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ። አንደኛው ሽማግሌ ብስኩቱን አፉ ጋ እንዳደረሰ ቀርቷል።

መስታወቱን እሷ በአንድ በኩል፣ ዘጠኜ በሌላ በኩል ይዘው በመንገዱ መሐል ወሰዱት። እኔ ከጎን ከጎኑ እሮጣለሁ። በውስጡ ቤቶች ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ የመብራት ሽቦዎች፣ ደመና፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ። አንድ ውሻ ራሱን አይቶ ጮኸበት። ሰዎች ከየበሩ ወጥተው ራሳቸውን ሲያዩ ፀጉራቸውን ያስተካክላሉ፣ ከዚያ እኛን አይተው ይንሾካሾካሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። እናቴ የአጎቴን ቤት ዘርፋለች፤ እኔ ደግሞ የዘራፊ ልጅ ሆኜ በመስታወት ውስጥ እየሮጥኩ ነው።

አጎቴ በቤት ጫማ ተከትሎን ሱቁ ገባ። ላጲስ ለባንኩ የሚሄደውን ወረቀት ሊያስፈርም መጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘርግቶታል።

«ይህች ሚስትህ» አለ አጎቴ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «አንደኛ አዋረደችኝ! ሁለተኛ አዋረደችኝ!»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ጋሼ?»

«ማን ነው በዚህ ሱቅ የሚያዝ?»

አባቴ ወንድሙን አየ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችውን እናቴን አየ። ባዶውን የኋላ ግድግዳ አየ። ከዚያ ላጲስን በሁለት እጁ ትከሻውን ያዘው።

«መልሳት!»

«ማንን?»

«እሷን! ወደ ላይ መልሳት! ከአስመጪው ጋር አድርጋት፣ ከግብሩ ጋር አድርጋት፣ ብቻ ከታች እንዳላያት!»

«ጋሼ፣ ባንኩ ግን…»

«ባንኩ ገደል ይግባ! አበዳሪ አያዝም ብለህ የለም?»

«አያዝም።»

«እንግዲያው አበዳሪ ናት!»

ላጲስ ማጥፋት ጀመረ። እናቴ ከወንበሩ ሳትነሣ «በየወሩ የሚከፈል በል» አለች።

«በልላት!» ጮኸ አባቴ።

«በብዕር።»

ላጲስ ቀና አለ። ኪሱን ዳበሰ፤ ብዕር የለውም። አባቴም የለውም። ዘጠኜም ጆሮው ላይ ያለችው የምልክት ጠመኔ ነች። ሁሉም ቀስ ብለው ወደ አጎቴ ደረት ኪስ ዞሩ፤ ሊቀመንበር ያለ ብዕር አይሄድም። አጎቴ የሚሆነውን ሳያውቅ አንዱን አቀበለው።

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አባቴ በሰው ፊት፣ በጩኸት፣ እናቴን ከጎኑ አስነሥቶ ወደ ውጭ ሰዎች ሲጥላት በዓይኔ አየሁ። በየግድግዳው ያሉት እኔዎች ሁሉ አብረውኝ አለቀሱ። ዘጠኜ መጥቶ ራሴን ዳሰሰኝ። «አይዞሽ ሚጡ» አለኝ፤ ከንፈሩ ግን ሳቅ ይዞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትልልቅ ሰዎች እንዴት ክፉ እንደሆኑ ገረመኝ።

ያን ዕለት ቤት ስንገባ እናቴ እግሯን በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ከታ ታንጎራጉር ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አባባ አስወጣሽ፣ አይደል?»

«አስወጣኝ።»

«ከማን ጋር ሆንሽ?»

«ከአስመጪው ጋር» አለችና ሳቀች። እየሳቀች ውኃውን በጣቶቿ ረጨችብኝ። ሐዘን ጭንቅላቷን ነክቶታል ብዬ ደመደምኩ፤ እንዳትደነግጥ ብዬ እኔም ሳቅኩ።

ባንኩ ወረቀቱን መለሰው። ዕዳህ በዛ አለው። አባቴ ግን በሰፈሩ ሁሉ «ወለድ አልወድም፣ እንቢ አልኳቸው» ብሎ አወራ፤ ሰውም አመነለት፤ በኋላ ራሱም አመነ። በየወሩ መጨረሻ ወጥ ቤት በር ላይ እየቆመ «እስከ ሰኞ ታገሺኝ» ይላታል፤ እሷም «ለአስመጪው እንደዚህ ትለዋለህ?» ትለዋለች፤ ይቆጥርላታል። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አይቼ አዝንላት ነበር፤ በገዛ ቤቷ እንደ ባዕድ ተከፍሏት ደረሰኝ የምትፈርም ምስኪን እናቴ። የተከፈላትን በደረሰኙ ልክ እያጠራቀመች አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ማሠራቷን ያወቅሁት ጣሪያው ሲመታ ነው። ሱቁ በመጨረሻ ሲዘጋ አስመጪው ወሰደ፤ አከራዩ ወሰደ፤ ግብር ወሰደ። ከታች የቀረው አባቴ ለብቻው ነበር። የተረፈውን በአንድ ካርቶን ይዞ የገባው እነዚያ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ «ቤቴ» ይላቸዋል። እሷም አታርመውም።

እኔ የሕፃናት ጫማ እሸጣለሁ። አምና ዕቃ ማስገቢያ ሲያጥረኝ እናቴ ገንዘብ አንሥታ ሰጠችኝ፤ ብድር ነው ወይም ስጦታ ነው አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ላፕቶፕ የያዘ ወጣት መጣ። እናቴ ጥግ ላይ፣ ልጆች ጫማ በሚለኩባት አጭር ወንበር ተቀምጣ ለአንዱ ሕፃን ክር እያሰረች ነበር።

«ይህ ከእናትሽ የገባው» አለኝ ወጣቱ፣ «ብድር ልበለው ወይስ ካፒታል?»

ሁሉን የማውቅ እኔ፣ በአባቴ ስስቅ የኖርኩ እኔ፣ ከታች ያለችውን ቀጭን ቁጥሬን አየሁ። ብታድግ እንዴት ያምርባት ነበር።

«ካፒታል ነው» አልኩ። «እናቴ አይደለች? ቤተሰብ ነን።»

ወጣቱ መጻፍ ጀመረ። እናቴ ክሩን ሳትለቅ ቀና አለች። በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ «ደስ ይለኛል፣ ሚጡ» አለች። «ነገ ስንት ሰዓት ነው ሱቁ የሚከፈተው?»

«ዕዳ በለው» አልኩት ወጣቱን። «ቶሎ በል።»